ውክልናው የሚሞተው በሚያስፈልግህ ቀን ነው

ሰሞኑን የት ጠፋህ ላላችሁኝ፣ ፎርም እየሞላሁ ነበር። ቀልዴን አይደለም፣ አንድ ፎርም ሶስት ሳምንት ፈጀብኝ። አንድ ቀን ራሴን ማወቅ ቢያቅተኝ ማን በኔ ፈንታ ባንክ እንደሚሄድ፣ ማን ከሀኪም ጋር ተነጋግሮ እንደሚወስን አሁን በደህናዬ ቀን ፈርሜ የማስቀምጥበት ወረቀት ነው። ኢንዱሪንግ ፓወር ኦፍ አተርኒ ይሉታል፣ እኔ ዘላቂ ውክልና እያልኩ እቀጥላለሁ። 46 ዓመቴ ነው፣ ምንም አላመመኝም። (እማዬ ይሄን ካነበብሽ እባክሽ ድገሚው፣ ምንም አላመመኝም።)

ነገሩን የቀሰቀሰው የአክስቴ ጉዳይ ነው። ጉልበቷን ስለሚያማት ወረፋ መቆም ሰልችቷት ለልጇ ውክልና ሰጥታው ነበር፣ ሁለት ዓመት ምናምን በዛ ወረቀት የሷን ጉዳይ ሁሉ ሲጨርስላት ኖረ። ከዛ ስትሮክ መታት። ልጇ እንደለመደው ለህክምናዋ ብር ሊያወጣ ባንክ ሄዶ ወረቀቱን ዘረጋ፣ የምታስተናግደው ልጅም ተቀብላ እየጻፈች "እናትህ እንዴት ናቸው?" አለችው፣ እንዲሁ ለሰላምታ ያህል። እሱ ደግሞ የዋህ ነው፣ "ኧረ ተይኝ፣ ራሷንም አታውቅም፣ እኔንም አትለየኝም" አላት። የልጅቷ እጅ ኪቦርዱ ላይ ቀጥ አለ። አለቃዋን ጠራች፣ ሰውየው መጥቶ ወረቀቱን ከላይ እስከታች አነበበና አጣጥፎ መለሰለት። "እናትህ ራሳቸውን ካላወቁ ይሄ ወረቀት አይሰራም፣ ፍርድ ቤት ሂድ" አለው።

ተናደን ነበር። ለደህና ሰው ሰርቶ ለታመመ ሰው የማይሰራ ውክልና ምን ሊረባ ነው ብሎ ያልጮኸ ዘመድ የለም። በኋላ ጠበቃ ስንጠይቅ ግን ሰውየው ልክ ነበር። ተራ ውክልና እንደዛ ነው። ወኪል ማለት የወካዩ እጅ ማለት ነው፣ ወካዩ ራሱ ሊፈጽም የማይችለውን ነገር እጁ ሊፈጽምለት አይችልም ነው ነገሩ፣ ስለዚህ ወካዩ አእምሮው ሲከዳው ውክልናውም አብሮት ይወድቃል። በሕግ አይን ያስኬዳል። በቤተሰብ አይን ግን ጃንጥላህ ዝናብ ሲጀምር ራሱን እንደሚዘጋ ነው።

ይሄን ቀዳዳ የተለያዩ አገሮች በየጊዜው በሕግ ሲደፍኑት ነው የኖሩት። አሜሪካ ውስጥ ቨርጂኒያ ገና እ.ኤ.አ. በ1954 ነው ወካዩ አቅም ቢያጣም የሚቀጥል ውክልና የፈቀደችው። እንግሊዝና ዌልስ በ1985 ሕግ አወጡ፣ ያኛው በገንዘብና በንብረት ላይ ብቻ ነበር፣ ከኦክቶበር 1 ቀን 2007 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ደግሞ ጤናንም በሚጨምር በሌላ ዓይነት ተክተውታል (ስሙንም ቀይረውታል፣ ላስቲንግ ነው የሚሉት)። ኒውዚላንድ የ1988 ሕግ አላት፣ አንዱ ለንብረት አንዱ ለግል እንክብካቤ ተብሎ ለሁለት የተከፈለ። የፎርሙ መልክ፣ ማን ምስክር ይሁን፣ ይመዝገብ አይመዝገብ የሚለው እንደየአገሩ ይለያያል፣ ስለዚህ ከኢንተርኔት ያገኛችሁትን ፎርም ፕሪንት አድርጋችሁ እንዳትፈርሙ፣ የምትኖሩበትን አገር ሕግ የሚያውቅ ሰው ይየው።

ወረቀቱ ከሌለስ? ፍርድ ቤት ነው። የሀኪም ማስረጃ ታመጣለህ፣ ቤተሰብ ይጠራል፣ የተቃወመ ካለ ይሰማል፣ ከዛ ዳኛው አንድ ሰው ይሾማል፣ የተሾመው ሰው ደግሞ በየጊዜው ሂሳብ አቅርብ ይባላል። የአክስቴ ልጅ እስኪሾም ድረስ ወራት ሄደዋል፣ በዛ መሃል የሷ ገንዘብ ባንክ ቁጭ ብሎ እኛ ተበድረን ነበር የምናሳክማት። የሷ ገንዘብ! ሙሉ ህክምናውን ይችል የነበረ!

ታላቅ ወንድሜ ይሄን ሁሉ ሰምቶ "ካርዷንና ፒኗን ቀድማ ብትሰጠው ኖሮ አለቀ አይደል እንዴ" አለ። ብዙ ሰው እንደዚህ ነው የሚያደርገው፣ አውቃለሁ፣ እኔም የእማዬን ፒን በቃሌ አውቀዋለሁ። ግን ፒን ሥልጣን አይደለም። ባንኩ ካወቀ ካርዱን ይዘጋል፣ አንድ ዘመድ ደግሞ ተነስቶ "የት አደረስከው" ቢልህ በሷ ፈቃድ ነው የምትልበት ቁራጭ ወረቀት የለህም፣ በደህና ልብህ ሌባ ትባላለህ። ቤት መሸጥ፣ ጡረታ ማስተካከል፣ ኢንሹራንስ መጠየቅ ደግሞ በፒን የሚሆን ነገር አይደለም።

ሌላው ሰው የሚሳሳትበት ነገር ጊዜው ነው። ይሄን ወረቀት መፈረም የሚቻለው ምን እየፈረምክ እንደሆነ ሲገባህ ብቻ ነው፣ ካመለጠህ አመለጠህ፣ ማንም ባንተ ስም ሊፈርምልህ አይችልም። በተቃራኒው ደግሞ የመርሳት በሽታ ተብሎ ስሙ የተጠራ ቀን ሁሉ ነገር አለቀ ማለትም አይደለም። የእንግሊዝና የዌልስ የ2005 ሕግ ለምሳሌ የሚጠይቀው አራት ነገር ነው፣ የተነገረህን ትረዳለህ ወይ፣ ለመወሰን በሚበቃህ ጊዜ ያህል ታስታውሰዋለህ ወይ፣ ግራ ቀኙን ታመዛዝናለህ ወይ፣ ውሳኔህን በሆነ መንገድ ትገልጻለህ ወይ። ጥያቄው ለዚህ ውሳኔ በዚህ ሰዓት ነው እንጂ በጥቅሉ ጤነኛ ነህ ወይ አይደለም። ጠዋት ጠዋት ጥሩ የሚሆኑ ከሰዓት የሚደክሙ ሰዎች አሉ፣ እንግዲያው ጠዋት ነው ቀጠሮ የሚያዝላቸው። የሀኪም ደብዳቤ አብሮ ቢቀመጥ ደግሞ በኋላ "አታውቅም ነበር፣ አስፈርመዋት ነው" የሚል ሲመጣ አፉን ያስይዛል።

እና ማንን ልወክል? ሶስቱን ሳምንት የበላው ይሄ ነው። ጋሼ ታላቅ ነው፣ በልማድ ይሄ የታላቅ ነው፣ እወደዋለሁም፣ ግን ጋሼ ደረሰኝ ኪሱ ውስጥ አጥቦ የሚያወጣ ሰው ነው፣ ደግሞ ሰው ሲለምነው እምቢ ማለት አይችልም። ታናሽ እህቴ በተቃራኒው ያስቀየምኳትን ቀን ሳይቀር በማስታወሻ የምትይዝ ዓይነት ናት። ወኪል ገንዘብህን ከራሱ ገንዘብ ጋር መቀላቀል የለበትም፣ ያወጣውን መመዝገብ አለበት፣ ላንተ ጥቅም እንጂ ለራሱ ሊወስን አይችልም፣ ስጦታ እንኳን እንዳሻው መስጠት አይፈቀድለትም። እነዚህን ሳነብ የማን ፊት እንደመጣብኝ እናንተም ገብቷችኋል። በጣም የምወደውን ሰው ሳይሆን ደረሰኝ የሚይዘውን መረጥኩ።

ሁለቱንም ላድርግ ብዬም አስቤ ነበር። ይቻላል፣ ግን "በጋራ" ካልክ ሁለቱ ካልፈረሙ ምንም አይንቀሳቀስም፣ አንዱ ቢሞት ወይ ቢታመም ደግሞ ነገሩ ጭራሽ ሊፈርስ ይችላል፣ "በጋራም በተናጠልም" ካልክ አንዱ ሌላው ሳያውቅ ሊሰራ ይችላል። የኔ ሁለቱ ደግሞ የስልክ ቻርጀር ላይ የሚጣሉ ናቸው። እህቴን ዋና፣ ጋሼን ተተኪ አደረግኩ፣ እሷ ካልቻለች እሱ እንዲገባ። ጋሼ ሁለት ቀን ስልክ አላነሳም። በሶስተኛው ቀን "ቆይ ተተኪ ምን ማለት ነው፣ ሪዘርቭ ነኝ?" ብሎ ደወለ፣ አዎ አልኩት፣ ሳቀ፣ አለፈ። ደግነቱ ያወቀው ከኔ አፍ ነው፣ ከአልጋዬ አጠገብ ቆሞ ከወረቀት ላይ አንብቦት ቢሆን ኖሮ ግን አይስቅም።

መቼ ይጀምር የሚለውም አለ። ለገንዘቡ ብዙ ቦታ ሁለት ምርጫ አለ፣ ካሁኑ ወይ አቅም ሳጣ። አቅም ሳጣ የሚለው የሚያረጋጋ ይመስላል፣ ግን ያን ጊዜ እህቴ ወረቀቱን ባንክ ከማሳየቷ በፊት አቅም ማጣቴን የሚመሰክር ሀኪም ፍለጋ ልትዞር ነው። ካሁኑ ብዬ ፈረምኩ፣ የማላምናት ቢሆን ኖሮ መጀመሪያውኑም አልመርጣትም ነበር። የጤናው ግን ምርጫ የለውም፣ መናገር እስከቻልኩ ድረስ የምወስነው እኔው ነኝ።

ጠበቃዋ ጋ የሄድን ቀን እህቴ አብራኝ ገብታ ወንበር ስባ ልትቀመጥ ስትል "ይቅርታ፣ አንቺ ውጪ ጠብቂ" አለቻት። በሩ ተዘጋ። መነጽሯን አወለቀችና "ማን አስገድዶህ ነው የመጣኸው?" አለችኝ፣ ማንም አልኳት። "ይቺ እህትህ ገንዘብህን ብታባክነውስ?" ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም፣ እስክሪብቶዋን ይዛ ጠበቀችኝ። ለካ የምሯን ነው የምትጠይቀው፣ መልሱንም ትጽፋለች። እንደዛ ዝም ብላ ስትጠብቀኝ መጀመሪያ ጊዜ በእውነት አሰብኩት፣ ከዛ በዓመት አንድ ጊዜ ሂሳቡን ለጋሼ ታሳየው የሚል መስመር አስገባን። (ለጋሼ ይሄንን ስነግረው ሪዘርቭነቱን ረሳው፣ ኦዲተር ነኝ እያለ ነው።) አእምሮዬ እስካለ ድረስ ደግሞ ልሽረው እችላለሁ፣ ያንንም ሁለቴ ነገረችኝ።

የጤናው ክፍል ግን ጠበቃ ቢሮ አያልቅም። ፎርሙ ላይ ምኞትህን ጻፍ የሚል ባዶ ቦታ አለ፣ እኔ ለሁለት ሳምንት "እህቴ ታውቃለች" ብዬ ዘልዬው ነበር። አንድ ማታ ጠየቅኳት፣ የመዳን ተስፋ ከሌለ በማሽን ብቻ እየተነፈስኩ እንድቆይ የምፈልግ ይመስልሻል? "አዎና፣ እስከመጨረሻው" አለች ሳታስብ። እኔ ደግሞ አልፈልግም። አርባ ዓመት የሚያውቀኝ ሰው ነው እንግዲህ። ያን ማታ እስከ እኩለ ሌሊት አወራን፣ ህመም ካለብኝ ማስታገሻው ቢያደነዝዘኝም ይሰጠኝ፣ ሰው ባላውቅም ሰው አጠገቤ ይሁን፣ ሬዲዮ ይከፈትልኝ፣ ይሄን ሁሉ ጻፍነው፣ እሷ አለቀሰች፣ እኔ የሬዲዮው ላይ ስደርስ ነው የተሸነፍኩት።

ወረቀቱ የማያደርገውንም ልንገራችሁ፣ ወኪል ባንተ ፈንታ ድምጽ አይሰጥም፣ አያገባህም፣ አያፋታህም፣ ኑዛዜህን አይጽፍም። የሞትክ ቀን ደግሞ ሥልጣኑ ያበቃል፣ ከዛ በኋላ ያለው የኑዛዜና የውርስ ጉዳይ ነው፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ያምታታዋል።

የተፈረመውን መጀመሪያ ቁልፍ ያለው መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት፣ ከዛ ቁልፉ የት እንዳለ የማውቀው እኔ ብቻ መሆኔ ትዝ አለኝና በራሴ ሳቅኩ። አሁን የተረጋገጠ ኮፒ እህቴ ጋ አለ፣ የባንክ አካውንቶቼ፣ የኢንሹራንሱ፣ የምወስደው መድኃኒት ዝርዝር ካለበት ወረቀት ጋር በአንድ ፋይል። ሰጥቻት በወጣሁ በአራተኛው ቀን ማታ ደወለች፣ ሰላምታ የለ ምን የለ፣ "የኢንሹራንስ ቁጥርህ ላይ አንድ አሃዝ ይጎድላል" አለችኝ። ተነስቼ አየሁት። እውነትም ይጎድላል።