ጮክ ብዬ ሳስብ

ዛሬ ከአስጠኚዬ ከጋሼ ጋር የመጨረሻውን ጥናት ጨርሰን፣ እዚህ ጎንደር ከማራኪ እስከ ፒያሳ በእግሬ መጣሁ። ባጃጅ መያዝ አላሰኘኝም። ሐሙስ ወደ አዲስ አበባ እበራለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት ጂአርኢ፣ ማለትም ውጭ አገር ከመጀመሪያ ዲግሪ በላይ ለመማር የሚጠየቀውን ፈተና፣ እፈተናለሁ። ይህን ከመፈተኔ በፊት መጻፍ የፈለግሁት፣ ውጤቱ ከመጣ በኋላ የምጽፈው ሁሉ ስለ ውጤቱ ብቻ እንዳይሆንብኝ ነው።

የዛሬ ዓመት አንድ ሰው "የግል አስጠኚ ልያዝ ወይ?" ብሎ ቢያማክረኝ "ገንዘብህን አታባክን" እለው ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። አስጠኚ የሚያዘው ለስምንተኛ ክፍል ልጅ ነው ብዬ አምን ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ የገባሁት አንድ ማሠልጠኛ ነው፤ አርባ ሰው ሆነን ሁለት ወር ተማርን። ሰሌዳ ላይ የሚሠራልን ጥያቄ ሁሉ ይገባኛል፤ ቤት ገብቼ ብቻዬን ስይዘው ይጠፋኛል። ምን እንደጎደለኝ ለመጠየቅ እንኳ ምን እንደጎደለኝ ማወቅ ነበረብኝ። ዳታ በተቋረጠባቸው ወራት ደግሞ ከዩቲዩብ መማሩም ቀረ፤ የቀረኝ ፎቶ ኮፒ ቤት ያስባዛሁት ወረቀት ብቻ ነበር።

ሁለተኛ ዕድል አለ ተብሎ የሚዘናጉበት ፈተናም አይደለም። ደንቡ ከ21 ቀን በኋላ ድጋሚ መቀመጥን ይፈቅዳል፤ የምዝገባው 220 ዶላር ግን ለአንድ መምህር ደመወዝ አይፈቅድም። ወደ ጋሼ የወሰደኝ ይኸው ሒሳብ ነው።

ጋሼ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ያስተምራሉ፤ እሳቸውም በዚሁ ፈተና አልፈው ውጭ ተምረው የተመለሱ ናቸው። የመጀመሪያው ቀን ምንም አላስተማሩኝም። "የተሳሳትሽባቸውን ወረቀቶች አምጪልኝ" አሉ። ሦስት ሳምንት የሠራሁትን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት፤ እስክሪብቶ ይዘው ዝም ብለው አዩት። ከዚያ አንዱን ጥያቄ መርጠው "እስቲ ጮክ ብለሽ አስቢልኝ" አሉኝ።

ጥያቄው ሁለት መጠኖችን የሚያወዳድር ነው። ኤክስ ከዜሮ ይበልጣል፤ የኤክስ ካሬ ይበልጣል ወይስ ኤክስ? "ሁለት ሲባዛ በሁለት አራት፣ ሦስት ሲባዛ በሦስት ዘጠኝ፤ ስለዚህ ካሬው ይበልጣል" አልኩ። ትክክል ነው ወይም ስህተት ነው አላሉኝም። "ግማሽን አስገቢ" አሉ ብቻ። ግማሽ ሲባዛ በግማሽ ሩብ። ካሬው አነሰ። አንድን ባስገባ ደግሞ እኩል ይሆናሉ። መልሱ አራተኛው ምርጫ ነበር፤ በተሰጠው መረጃ መወሰን አይቻልም።

ከዚያ ወረቀቶቹን ወደ እኔ አዞሩልኝ። ከአሥራ አራት ስህተት አሥራ አንዱን አክብበዋቸዋል። አሥራ አንዱም አንድ ስህተት ነበሩ። "ቁጥር ሲባል አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብቻ ነው የሚታይሽ" አሉኝ። እኔ ሒሳብ አልችልም ብዬ ለወራት ሳዝን የከረምኩት ለዚህ ነበር። ዜሮ፣ አንድ፣ ግማሽ፣ ነጌቲቭ ግማሽ፣ ነጌቲቭ ሁለት፤ እነዚህን በካርቶን ጽፌ ከአልጋዬ ራስጌ ለጠፍኳቸው።

ይህንን አርባ ሰው ፊት የቆመ አስተማሪ እንዴት ያየዋል? እኔ ራሴ ስድሳ ተማሪ ፊት ነው የምቆመው። ለመምህርነት ስንሠለጥን የአሜሪካዊውን የትምህርት ሥነ ልቦና ምሁር የቤንጃሚን ብሉምን ጥናት ተምረን ነበር፤ በፈረንጆቹ 1984 ባወጣው ጽሑፍ አንድ ለአንድ እየታረመ የተማረ መካከለኛ ተማሪ በመደበኛው ክፍል ከተማሩት 98 በመቶ ያህሉን በልጦ ተገኘ ይላል። በኋላ የተሠሩ ጥናቶች ልዩነቱን ይህን ያህል ሰፊ ሆኖ አላገኙትም። ያኔ ለፈተና ሸምድጄ አልፌዋለሁ፤ የገባኝ ግን ጋሼ ጠረጴዛ ላይ ነው።

አባቴ ስነግረው አልደነቀውም። እሱ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ነው። አንዱ ፊደል ይቆጥራል፣ አንዱ ፊደለ ሐዋርያ ላይ ነው፣ አንዱ ወንጌል፣ አንዱ ዳዊት ይደግማል፤ ሁሉም በየገጹ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ። በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል አንዱ ሲስት የኔታ ፊታቸውን ሳያዞሩ "መልስ!" ይሉታል። "ሁላችንንም በየድምፃችን ያውቁን ነበር" አለኝ አባቴ።

የእንግሊዝኛው ክፍል ላይ ጋሼ የሚያደርጉት ሌላ ነው። ሦስት ባዶ ቦታ ያለው ዓረፍተ ነገር ይመጣል፤ ሦስቱም ካልተሟሉ ነጥብ የለም። እኔ ከበድ ያለውን ቃል አነሣ ነበር። ጋሼ ምርጫዎቹን በመዳፋቸው ሸፍነው "በአማርኛም ቢሆን የራስሽን ቃል ሙዪ" ይሉኛል። "ሆኖም" የሚል ቃል ካለ ሐሳቡ የት ላይ እንደሚታጠፍ በጣቴ እንዳሳይ ያደርጉኛል። ቃል መሸምደድ አልቀረልኝም፤ ግን የምሸመድደው ምን እንደሚያገለግል እያወቅሁ ሆነ።

ሰዓት ደግሞ ሌላ ሰው ካልያዘልሽ አይታይሽም። የሒሳቡ ክፍል 27 ጥያቄ በ47 ደቂቃ ነው፤ መጀመሪያ 12ቱ በ21 ደቂቃ፣ ቀጥሎ 15ቱ በ26። የመጀመሪያው እንዴት እንደተሠራ ታይቶ ነው የሁለተኛው ክብደት የሚወሰነው። አንድ ቀን አምስተኛው ጥያቄ ላይ ተጣብቄ ቀና ስል ጋሼ ስልካቸውን አሳዩኝ። አራት ደቂቃ። እኔ አንድ ደቂቃ መስሎኝ ነበር። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ ስለማይቀነስ ገምቶ፣ ምልክት አድርጎ አልፎ በኋላ መመለስ ይቻላል፤ ይህን አንብቤው አውቀው ነበር። እጄ እንዲያውቀው ያደረገው ግን ያ ስልክ ነው።

የአገር ውስጥ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ለሆነው ለጋት የሚዘጋጁ ጓደኞቼ አስጠኚ ፈልጊልን ሲሉኝ አንድ ነገር እነግራቸዋለሁ፤ ጥያቄውን እሱ ሠርቶ የሚያሳያችሁን አትያዙ። በሱ እጅ ሲሠራ ሁሉም ቀላል ነው። እስክሪብቶው በእናንተ እጅ እንዲሆን የሚያደርገውን ያዙ። የቸገረው ሁለት ሦስት ሆኖ ይክፈል፤ ከሦስት በላይ ግን ሰው ሰው ውስጥ ይደበቃል። እኔ ከደመወዜ ሩቡን በየወሩ ስከፍል ነው የቆየሁት፣ ከበደኝም፤ ግን ወር ሲደርስ ቅር ብሎኝ አያውቅም።

ዛሬ ጋሼ አንድ ጥያቄ ብቻ ሰጡኝ። ባለቤታቸው ቡና እያፈሉ ነበር፤ ሁለተኛው ስኒ እስኪቀዳ ሠራሁት። ወረቀቱን ወደ እሳቸው ስገፋው አላዩትም።

"ምን ረሳሽ?" አሉኝ።

መለስ ብዬ አየሁት። "ዜሮን" አልኳቸው።

"በይ፣ በሰላም ግቢ" አሉና ስኒያቸውን አነሡ።