ጓሮ የሚበላው፣ ጓሮ የሚያበላው

እሑድ ከሰዓት፣ ግንቦት መገባደጃ

ጓሮ ጎመን መትከል ብር ያስቆጥባል ሲሉኝ ለረጅም ጊዜ አላመንኩም። አሁንም በግማሽ ልቤ ነው። ሰፈራችን ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ፈረቃው ሲዛባ በጀሪካን እንገዛለን። በተገዛ ውኃ ያደገ ጎመን ደግሞ ከጉሊት ጎመን ይወደዳል። ይህን ለማወቅ የሒሳብ ሰው መሆን አያስፈልግም፤ እስክሪብቶና ደብተር ይበቃል።

ደብተሩን የጀመርኩት ኑሮው ሲከብድ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ተባለ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ መቶ ብርን አለፈ። ሚስማር፣ ቀለም፣ የቧንቧ ዕቃ፣ ሁሉም ሌላ ዋጋ ያዘ። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደግሞ የመብራት ታሪፍ በየሦስት ወሩ ከፍ ይል ጀመር። ደመወዜ በየሦስት ወሩ ከፍ አላለም። እናም ቤት ውስጥ በእጄ ልሠራ የምችለውን መፈለግ ያዝኩ። በአንድ በኩል የወጣውን፣ በሌላ በኩል የቀረልንን እጽፋለሁ። እማዬ "ደሞ ኦዲተር ሆንሽ?" እያለች ትስቃለች።

ዛሬ ቁጭ ብዬ ሳገላብጠው አንድ ነገር ገረመኝ። ትልቅ ሥራ ብዬ የጀመርኳቸው ነገሮች ብዙም አላተረፉም። ብር ያስቀሩልን ማንም ሰው ፎቶ የማያነሳቸው ጥቃቅን ነገሮች ናቸው። ከእነሱም አብዛኞቹ ከውኃ ጋር የተያያዙ ናቸው።

የወጥ ቤቱን ቧንቧ ልውሰድ። ጠብ ጠብ ሲል ከርሟል። ጠብታ ምን ያመጣል ብለን ለምደነዋል። አንድ ማታ ባልዲ ከሥሩ አድርጌ ተኛሁ። ጠዋት የተጠራቀመው ውኃ ፊት ታጥበን፣ የቡና ዕቃ አጥበን የሚተርፍ ነው። ጥገናው ደግሞ ይሄን ያህል አይደለም። ዋናውን መዝጊያ መዝጋት፣ የቧንቧውን ራስ በመፍቻ መፍታት፣ የተበላችውን ጎማ አውጥቶ በአዲስ መተካት፣ ጥርሱ ላይ ቴፍሎን የሚባለውን ነጭ ቴፕ ጠምጥሞ መልሶ ማጥበቅ። ሱቅ ሲኬድ አሮጌዋን ጎማ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። መጠኗን በቃል ላስረዳ ያለ ሰው ሦስቴ ይመላለሳል። ባለሱቁ መጀመሪያ "እህቴ፣ ባለሙያ ልላክልሽ?" አለኝ። ጎማዋን አውጥቼ ሳሳየው ዝም ብሎ ሰጠኝ።

የሽንት ቤቱ የውኃ ሣጥን ከቧንቧው የባሰ ነው፤ ድምፅ ሳያሰማ ያፈስሳል። ማወቂያው ቀላል ነው። ቀይ ሥር የተቀቀለበትን ውኃ ሣጥኑ ውስጥ ጨምሮ ለግማሽ ሰዓት አለመልቀቅ። ከታች መቀመጫው ውስጥ ቀይ ከታየ ያፈስሳል ማለት ነው። ታናሽ ወንድሜ ሳልነግረው ገብቶ "ማነው የታመመው?" ብሎ በድንጋጤ ወጣ። የእኛም ያፈስስ ነበር። ጎማውን ቀየርነው። ከዚያ አሸዋ የሞላሁባትን ባለ አንድ ተኩል ሊትር ሃይላንድ ሣጥኑ ውስጥ አቆምኳት። በተለቀቀ ቁጥር አንድ ተኩል ሊትር ይቀራል። አምስት ሰው በቀን አራት አራት ጊዜ ቢለቅ 30 ሊትር ነው፤ ጀሪካን ተኩል። ሃይላንዷ የሚንሳፈፈውን ኳስ እንዳትነካ መጠንቀቅ ነው። ውኃው አንሶ ሁለቴ የሚለቀቅ ከሆነ ግን ትርፉ ይቀርና ኪሳራ ይመጣል። የእኛ ሣጥን ትልቅ ስለሆነ ችሏል።

አሁን ወደ ዝናቡ ልምጣ። እዚህ ላይ ብዙ የምለው አለኝ።

አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ሐምሌና ነሐሴማ አይጣል ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውኃ ይሆናል። የእኛ የጓሮ ክፍል ጣሪያ 30 ካሬ ገደማ ነው። ስለዚህ 10 ሚሊ ሜትር በጣለ ቀን፣ የሚረጨውንና የሚባክነውን ሳንቆጥር፣ 300 ሊትር ይወርድበታል። በርሜል ተኩል መሆኑ ነው። ይህ ሁሉ ውኃ በራፋችን ላይ ወደ ቦይ እየሄደ እኛ ጀሪካን ይዘን እንሰለፋለን። ከተማው ሁሉ እንዲህ ነው። ቆርቆሮ የሌለበት ግቢ የለም፤ አሸንዳው ሥር በርሜል ያለበት ግቢ ግን በጣት ይቆጠራል።

በርሜሎቹን ያመጣሁት ከምናለሽ ተራ ነው። መርካቶን የሚያውቅ ምናለሽ ተራን ያውቃል። ሰው የጣለው ሁሉ እዚያ ሌላ ነገር ሆኖ ይወጣል፤ ቆርቆሮው ምድጃ፣ ጎማው በረባሶ። በርሜል ሲገዛ ከዋጋው በፊት "ምን ነበረበት?" ብሎ መጠየቅ ይሻላል። የምግብ ዘይት ከሆነ ታጥቦ ይሠራል። ኬሚካል የነበረበት ለጎመንም አይሆንም። ሻጩ "የኔ እህት፣ ጭራሽ ንጹሕ ነው" ማለቱ አይቀርም። ክዳኑን አስከፍቶ ማሽተት ነው። ሽታው እምቢ ካለ ዋጋው ቢረክስም ትቶ መሄድ።

ባለ 200 ሊትር በርሜል ሲሞላ 200 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ መሬት ተደልድሎ፣ ብሎኬት ተደርድሮ፣ እሱ ላይ ነው የሚቀመጠው። ከፍ ማለቱ ውኃው በቧንቧ በደንብ እንዲወርድም ይረዳል። ከታች በኩል በስቼ ቧንቧ ገጠምኩለት። መጋጠሚያው እንዳያንጠባጥብ ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጬ በሁለቱም በኩል አደረግኩ። አፉ ላይ ወንፊት አለ፣ ከላዩ ክዳን። ክዳኑ ለትንኝም ለሕፃንም ነው። ልጅ ያለበት ግቢ ክዳን የሌለው በርሜል አይቀመጥም፤ ይህ አያከራክርም።

የመጀመሪያውን ዝናብ እንደፋዋለን። የበጋውን አቧራና የወፍ ኩስ አጥቦ የሚመጣው እሱ ነው። ከዚያ በኋላም ለመጠጥ አናውለውም። ለልብስ፣ ለወለልና ለሽንት ቤት ነው። የዝናብ ውኃ ደግሞ ሳሙና ቶሎ ያረፋል። እማዬ ይህን ከእኔ በፊት ታውቀው ነበር፤ "ነጠላ በዝናብ ውኃ ነው የሚታጠበው" ትላለች።

ያው እማዬ ግን በርሜሎቹን ስደረድር ቆማ አየችኝና "ልጄ፣ ክረምት ላይ ጎመኑ ምን ውኃ ይፈልጋል? ሰማዩ ያጠጣው የለ?" አለችኝ። እውነቷን ነው። በርሜል የሚሞላው ጓሮው ውኃ በማይፈልግበት ጊዜ ነው። ጓሮው ሲደርቅ በርሜሉም ይደርቃል። ብዙ ሰው ጓሮ ጀምሮ ጥር ላይ የሚተወው ለዚህ ይመስለኛል።

መልሱን ያገኘሁት ደብተሩ ላይ ነው። ክረምት ላይ በርሜሉ ለቤቱ፣ ሰማዩ ለጓሮው ይሠራል። መስከረም ላይ ዝናቡ ሊወጣ ሲል የሞሉት በርሜሎች ጥቅምትን ያሻግሩናል። ከዚያ በኋላ ጓሮውን አሳንሳለሁ። በበጋ የሚቀረው ወጥ ቤቱ በር አጠገብ ያለው ብቻ ነው፤ እሱም የሚጠጣው አትክልት የታጠበበትን ውኃና ልብስ ለመጨረሻ ጊዜ የተለቀለቀበትን ነው። ኦሞው ያለበት የመጀመሪያው እጣቢ ጓሮ አይገባም። በበልግ ጥቂት ሲጥል በርሜሎቹ ትንሽ ትንሽ ይቀምሳሉ። ጓሮዬ ብር ማትረፍ የጀመረው እንደ ወቅቱ ሲሰፋና ሲጠብ ነው። ዓመቱን ሙሉ ለምለም ይሁን ካልኩ የጀሪካን ዋጋ እከፍላለሁ። ለምለም ጓሮ ለማየት ደስ ይላል፣ አልክድም። ግን ለማየት ነው የተከልኩት ወይስ ለመብላት?

የሚተከለውም ይመረጣል። አንደኛው የሐበሻ ጎመን ነው። ከሥር ያሉትን ቅጠሎች ብቻ እየቀነጠሱ አናቱን ከተዉት ለወራት ይሰጣል። ቆስጣም እንደዚያው። ቦታ ስለሌለን በጆንያ ነው የተከልኩት፤ አፈር፣ የበሰበሰ ፍግና ትንሽ አሸዋ ቀላቅዬ። ሽንኩርት አይረባኝም፤ ቦታ ይይዛል፣ ወራት ይፈጃል፣ የሚገኘው ለአንድ ወጥ ነው። ቲማቲም ክረምት ላይ በሽታ ይጨርሰዋል። ከሁሉም ያዋጡን ግን ሰው ከቁም ነገር የማይቆጥራቸው ናቸው፤ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ጦስኝ፣ የጥብስ ቅጠል። የጥብስ ቅጠል ከጎረቤት አንድ ዘንግ ለምኖ መሬት ውስጥ መሰካት ነው። ውኃ ብዙ አይፈልግም። አንዴ ከያዘ ለጥብስም ለሻይም ሱቅ መሄድ ቀረ።

አፈሩን የሚመግበው ብስባሹ ነው። እኛ ቤት ቡና አይታጣም፤ አተላው ወደ ጉድጓዱ ይሄዳል። የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት፣ ደረቅ ቅጠል ይጨመራል። ጎረቤት ቅዳሜ ቅዳሜ የሚቅሙ ልጆች አሉ፤ ገረባውን ለእኔ አስቀምጡልኝ ብያቸዋለሁ። መጀመሪያ ስቀው ነበር፣ አሁን ራሳቸው በአጥር ያቀብሉኛል። ግንዱ ጠንካራ ስለሆነ በገጀራ እከታትፈዋለሁ። እርጥቡንና ደረቁን እያፈራረቁ መደርደር፣ አልፎ አልፎ መገልበጥ። የባሕር ዛፍ ቅጠል አላስገባም፤ ቶሎ አይበሰብስም፣ ሌላውንም ተክል ያቀጭጫል። የእንጀራ ፍርፋሪና ሥጋም አይገባም፤ አይጥ መጋበዝ ነው። ለክሽክሽ ደግሞ ሳሙና ያለበት ውኃ ቅጠሉ ጀርባ ላይ መርጨት ይበቃል። መድኃኒት ገዝቼ አላውቅም።

ሌላውን በአጭሩ ልለፈው። የጓሮው ክፍል የጭቃ ግድግዳ ስለሆነ ቀለም ትቼ ኖራ ቀባሁት። የፕላስቲክ ቀለም ጭቃ ላይ እርጥበቱን ያፍነውና ይላጣል፤ ኖራ ግን ያስተነፍሰዋል፣ ዋጋውም አይወዳደርም። ኖራው ላይ ውኃ ሲጨመር ይፈላል፤ ጓንት ማድረግና ዓይንን መከለል ያስፈልጋል። መሰላል አልገዛሁም። አንዴ ለምጠቀምበት ዕቃ ያን ያህል ብር ከማወጣ ከጎረቤት ጋሼ ብዋስ ይሻለኛል፤ ስመልስ አንድ እቅፍ ቆስጣ ይዤ እሄዳለሁ። ፈሳሽ ሳሙና መሥራት ደግሞ ለአንድ ቤት አያዋጣም። ጥሬ ዕቃው በብዛት ሲገዛ ነው ትርፉ፤ ሦስት አራት ቤት ሆኖ ከሆነ እሰየው።

አሁን ደብተሩ ላይ የቀረው መብራት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል። ቤት ውስጥ እሱን የሚያህል በላተኛ የለም። ብዙ ብር የሚበላው ደግሞ ቀዝቃዛውን ሸክላ ማጋል ነው። ስለዚህ በየሁለት ቀኑ ከመጋገር የሳምንቱን አንዴ መጋገር ጀመርን። የመጨረሻዎቹ እንጀራዎች ሲቀሩ እማዬ ምጣዱን ከሶኬት ትነቅለዋለች፤ ሸክላው ግለቱን ስለሚይዝ እነሱ በዚያው ይበስላሉ። ከዚያም በተረፈው ሙቀት ሱፍ ታምሳለች። በእንጨት ሲሆን ደግሞ "ምርጥ" የሚባለው ምድጃ አለን፤ ዙሪያው ዝግ ስለሆነ ከሦስት ጉልቻ በጣም ያነሰ እንጨት ይበላል።

ባለፈው ሳምንት ኤሌክትሪኩ ምጣድ በአንድ በኩል መጋል አቆመ። ወንድሜ "አንቺ መቼም ሁሉን በእጅሽ ነሽ፣ ፍቺው እንጂ" አለኝ። ገልብጬ አየሁት። ሽቦው ሸክላው ላይ በተቆፈረ ቦይ እየተጠማዘዘ ይሄዳል፣ ከላዩ ጀሶ ተመርጎበታል። የቱ ጋ እንደተበጠሰ ለማወቅ ጀሶውን መፈልፈል ሊኖርብኝ ነው። መልሼ ብገጥመው ደግሞ እርጥብ እጅ ይዛ የምትጋግርበት እማዬ ናት። የቧንቧ ጎማ ቢሳሳት ወለል ይረጥባል። ይሄ ቢሳሳት ሰው ይይዛል። ገልብጬ መለስኩትና በባጃጅ ወደ ባለሙያው ላክሁት። የጠራው ዋጋ ወደድ ብሎኝ ነበር። አልተከራከርኩም፤ ደብተሩ ላይ "ወጪ" በሚለው በኩል ጻፍኩት።