ከአራዳ እስከ መርካቶ፦ አንድ የጾም ዓርብ

ደሴ ላይ ጂኦግራፊ ሳስተምር አሥራ ሰባት ዓመት ሆነኝ። በክፍሌ የሚሰቀለው የአፍሪካ ቀንድ ካርታ ጫፍ ጫፉ አልቆ በፕላስተር የተያያዘ ነው። ኤርትራ አረንጓዴ፣ ጅቡቲ ሮዝ፣ ሶማሊያ ሰማያዊ፣ ኬንያ ቢጫ፣ ሱዳን ቡናማ። ደቡብ ሱዳን በካርታው ላይ አልነበረችም፤ ሐምሌ 2003 ዓ.ም. ነጻነቷን ስታውጅ በቀይ እስክሪብቶ ያሰመርኩላት እኔ ነኝ። በየዓመቱ አንድ ልጅ እጁን ያወጣና «መምህር፣ ሶማሌዎች እኛም አገር፣ ጅቡቲም፣ ኬንያም ካሉ ሶማሊያ ብቻ ለምን ሰማያዊ ሆነች?» ይለኛል። ቅኝ ገዢዎች፣ ውል፣ ድንበር እያልኩ አስረዳለሁ። ልጁ ይቀመጣል፤ ጥያቄው ግን ከእኔ ጋር ወደ ቤት ይሄዳል።

መጋቢት 2017 ዓ.ም. ለሥልጠና አዲስ አበባ መጣሁ። ሥልጠናው ሐሙስ አለቀ፤ የደሴ አውቶቡስ ትኬቴ የቅዳሜ ንጋት ነበር። በመካከል ያለችው ዓርብ፣ መጋቢት 5፣ የራሴ ሆነች። ቀኗ እንዴት ያለች ቀን ናት! ዐቢይ ጾም ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል፤ ረመዳን አሥራ አራተኛ ቀኑ ነው፤ በዚያ ላይ የአቦ ዓመታዊ በዓል። ከተማው ግማሹ በነጭ ነጠላ፣ ግማሹ በጀለቢያ ወጥቷል።

ፒያሳን ካየሁ አምስት ዓመት አልፎኝ ነበር። ዶሮ ማነቂያ የለም። የማውቃቸውን በሮች በዓይኔ ፈልጌ አጣኋቸው፤ አዲሱ መንገድ ሰፊና ንጹሕ ነው፤ ልቤ ግን በሮቹን ይፈልግ ነበር። ቅዱስ ጊዮርጊስ ብቻ እንደ ድሮው ቆሟል። የጥንቱ የአራዳ ገበያ የነበረው እዚሁ አካባቢ ነው፤ ጣሊያኖች በወረራው ዓመታት ወደ ምዕራብ ገፍተው ነው ዛሬ መርካቶ የምንለው የሆነው። ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። ከውስጥ ኪዳን ይደርሳል። ግእዝ ሲነበብ በሰማሁ ቁጥር አንድ ነገር ትዝ ይለኛል፦ ለዚህ ለቤተ ክርስቲያናችን ቋንቋ በጣም ከሚቀርቡት ሕያዋን ቋንቋዎች አንዱ ትግረ ነው። ትግረን የሚናገሩት ደግሞ በኤርትራ ቆላማ ምድርና በቀይ ባሕር ዳርቻ የሚኖሩ፣ አብዛኞቹ ሙስሊም የሆኑ ሰዎች ናቸው። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው መጀመሪያ አያምኑኝም።

ከራስ መኮንን ድልድይ ብዙም የማይርቀውን የአርመኖች ቤተ ክርስቲያን ከአጥሩ ውጭ ቆሜ አየሁት፤ በሩ ተዘግቶ ነበር። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ስላመጧቸው «አርባ ልጆች»፣ ስለ አርመን ወላጅ አልባ ልጆቹ፣ ብዙ ሰው ያውቃል፤ ስለ ጥር 1957ቱ ጉባኤ ግን ጥቂት ሰው ነው የሚያነሣው። በዚያ ወር የግብፅ፣ የሶርያ፣ የአርመን፣ የሕንድና የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች በንጉሠ ነገሥቱ ጋባዥነት በዚችው ከተማ ተሰብስበው ነበር። እንግዲህ በእምነት ከቅርብ ዘመዶቻችን አንዱ የካውካሰስ ተራሮች ሰው ነው፤ በቋንቋ የቅርብ ዘመዳችን ምፅዋ አካባቢ ይሰግዳል። ካርታዬ ለዚህ የሚሆን ቀለም የለውም።

በተክለ ሃይማኖት በኩል ወደ መርካቶ በእግሬ ወረድኩ። አንዋር መስጊድ ስደርስ ስድስት ሰዓት አልፏል። ሰዉ ግቢውን ሞልቶ፣ አጥሩን አልፎ፣ አስፋልቱ ላይ መስገጃውን ዘርግቷል። ማዶ የራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ይታያል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ድንጋይ ቢወረወር የሚያደርስ ነው። ሱቆች አንድ በአንድ መዝጊያቸውን ሲጎትቱ እሰማለሁ። ከአንድ የፕላስቲክ ዕቃ መሸጫ ፊት ለፊት አንዲት ወጣት ሠራተኛ፣ በማተቧ መስቀል ያንጠለጠለች፣ ትልልቅ ካርቶኖችን በጉልበቷ እየረገጠች ትዘረጋለች። አንድ መስገጃ ያልያዙ ሽማግሌ መጡ። «አባባ፣ ይሄኛው ይሻልዎታል፣ ያኛው እርጥብ ነው» ብላ ደረቁን ሰጠቻቸው። ሽማግሌው ጫማቸውን አውልቀው ከእሷ በርጩማ ሥር አኖሩት። እሷም በእግሯ ወደ ውስጥ ሳብ አድርጋ፣ እንዳይጠፋባቸው፣ በቀሚሷ ጫፍ ሸፈነችው። ሶላቱ እስኪያልቅ ድረስ ከዚያ በርጩማ አልተነሣችም።

እኔ ለተማሪዎቼ የማስጽፈው የ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራን ነው፦ ኦርቶዶክስ 43.5 በመቶ፣ ሙስሊም 33.9 በመቶ። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ማስጻፌንም አልተውም። ነገር ግን ለሁለት የተከፈለ እንጀራ ያስመስለዋል። የዚያች ልጅ ቀሚስ ጫፍ የትኛው በመቶ ውስጥ እንደሚገባ ብጠየቅ መልስ የለኝም።

ከሶላቱ በኋላ ለአጎቴ ሽርጥ ልገዛ ወደ ጨርቅ ሱቆቹ ገባሁ። እኛ ወሎዬዎች ነን፤ የእናቴ ታናሽ ወንድም ሙስሊም ነው፤ ለዒድ ባዶ እጄን አልሄድበትም። የገባሁባት ሱቅ ጠባብ ናት። ባለሱቋ አርባዎቹን የጨረሰች ሴት፣ የብረት ሜትሯን በጨርቁ ላይ እያጋደመች ትለካለች፤ ገዢዋ ጥቁር ሻርፕ የተከናነበች፣ በዕድሜ የምትበልጣት። በማላውቀው ቋንቋ ያወራሉ። ሲቆጥሩም በዚያው ነው። ዋጋው ላይ ሲደርሱ ወደ አማርኛ ይመለሳሉ፤ ክርክሩን ሲጨርሱ እንደገና ወደዚያው።

«አፋርኛ ነው እንዴ?» አልኩ ሳላስበው።

ሁለቱም ተያይተው ሳቁ። «ቀርበሃል ወንድሜ» አለችኝ ባለሱቋ። «የሥጋ ዘመዱ ነው። ሳሆ ነው የምንናገረው።»

እሷ ኢሮብ ናት፤ ከትግራይ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ካቶሊክ፣ እንደ እኔው ዐቢይ ጾም የያዘች። ገዢዋ ከድንበሩ ማዶ፣ ከሰንዓፌ በኩል የመጣች ኤርትራዊት፣ ሙስሊም፣ ጾመኛ። በቋንቋቸው አንድ፣ በሃይማኖታቸው ሁለት፣ በፓስፖርታቸውም ሁለት። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት የሁለቱም ቀዬ የተኩስ ሜዳ ነበር። ይህን ሲያነሡ ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ እኔም ተጨማሪ አልጠየቅሁም። ትልቋ ሴት ብቻ ጨርቁን እያጠፈች «እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ በቋንቋዬ የምከራከረው ከእሷ ጋር ብቻ ነው። ጨርቅ ባልፈልግም እመጣለሁ» አለች።

ብዙ ጊዜ «ይህ አካባቢ ሃይማኖቱና ዘሩ ስለበዛ ነው ሰላም ያጣው» ሲባል እሰማለሁ። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ሳይቀር። ይህን አባባል አጥብቄ እቃወማለሁ። ሶማሊያ አብዛኛው ሕዝቧ አንድ ቋንቋ ተናጋሪ፣ አንድ እምነት ተከታይ ነው፤ መንግሥቷ በ1983 ዓ.ም. ፈረሰ። ደቡብ ሱዳን ታኅሣሥ 2006 ላይ ጦርነት ውስጥ ስትገባ ከሁለቱም ወገን እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ወታደሮች ነበሩ። ካርቱም ላይ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የተታኮሱት ሁለት ጦሮች ወደ አንድ ቂብላ የሚሰግዱ ናቸው፤ ተኩሱ የተከፈተውም በረመዳን ነው። በራሳችንም ሰሜን በ2013 በተጀመረው ጦርነት ከግራም ከቀኝም «እግዚኦ ማረን» ያሉ እናቶች በአንድ ግእዝ ነው ያለቀሱት። ልዩነት ቢሆን ኖሮ የሚያቃጥለን፣ መርካቶ ገና ድሮ አመድ በሆነች ነበር። ሥልጣንን፣ መሬትንና ጠመንጃን ሳይጠይቁ ሃይማኖትንና ዘርን መክሰስ ሰነፍነት ነው፤ ለልጆች ማስተማር ደግሞ ኃጢአት ነው።

ማምሻውን ወደ ፒያሳ ተመለስኩ። እግሬ ደክሞ ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ ውኃ እንጂ እህል አልቀመስኩም። አንድ ሱዳናዊ የሚሠራበት ትንሽ ሻይ ቤት አገኘሁ። ሰውዬው የኦምዱርማን ሰው ነው፤ ጦርነቱ ነው ያመጣው። በጠረጴዛው ላይ ቴምርና ሳምቡሳ ደርድሯል፤ በማንቆርቆሪያ ደግሞ ሕሉ ሙር። ሱዳኖች ለረመዳን ከማሽላ የሚያዘጋጁት መጠጥ ነው፤ ስሙ «ጣፋጭ መራራ» ማለት ነው፤ አፍ ላይም እንደዚያው ነው። ከጎኔ አንድ ረጅም ወጣት ተቀምጧል፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ጎረምሳ አስተናጋጁ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚፈልግ ጠየቀው። ወጣቱ ጥርት ባለ አማርኛ «ሻይ፣ ስኳር ቀንስልኝ» አለው።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው መምህር» አለኝ፤ ሥራዬን ነግሬው ነበር። «የታክሲ ረዳቱም፣ ባንክ ቤቱም። እኔ የጋምቤላ ልጅ ነኝ። ኑዌር ነኝ። አያቴም ኢትዮጵያዊ ነበሩ። ግን ፊቴን አይተው ከየት አገር መጣህ ይሉኛል።»

አዝኜ ዝም አልኩ። ማጽናኛ ቃል ፈልጌ አላገኘሁም፤ በካርታው ላይ በቀይ እስክሪብቶ ያሰመርኳት መስመር ትዝ አለችኝ።

አዛን ሲሰማ ባለሻይ ቤቱ ቴምሩን ለሁላችንም አዞረ። ሳምቡሳውን ወደ እኔ ሲያቀርብ ማተቤን አየና «ምስር ነው፤ ሥጋ የለውም፤ ብላ» አለኝ በተሰባበረ አማርኛ። ወሎ ውስጥ ድግስ ሲደረግ ሁለት ሰንጋ ይታረዳል፤ አንዱ በክርስቲያን፣ አንዱ በሙስሊም እጅ፤ ወጡም በየድስቱ ነው። ፍቅራችን ጽኑ ነው፤ ሥጋችን ግን አይገናኝም። በጾም ዓርብ ግን ምስሩ የሁሉም ነው። እኔ ኦርቶዶክስ፣ ሱዳናዊው ሙስሊም፣ ኑዌሩ ልጅ የመካነ ኢየሱስ፤ ከአንድ ሳህን አነሣን።

ወጣቱን ስለ አገሩ እንዲነግረኝ ማስታወሻ ደብተሬን ሰጠሁት። መጀመሪያ ባሮን ሳለው፤ ወደ ምዕራብ ቀጥሎ ሶባት እስኪባል ድረስ አንድ ረጅም መስመር። በዚህ በኩል የአባቱን መንደር፣ በዚያ በኩል የአባቱን ወንድሞች ነጥብ አደረገ። ቀጥሎ ቀስት። «በበጋ ከብቶቹ ወደ ወንዙ ይወርዳሉ፤ በክረምት ውኃው ሲሞላ ወደ ከፍታው ይመለሳሉ» አለኝ፤ ቀስቶቹ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሱ ገጹን ሞሉት። ድንበሩን አልሳለም። እኔም የት እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

ቅዳሜ ማታ ደሴ ገባሁ። ሽርጡን ለአጎቴ አስቀመጥኩ፤ ያቺን ገጽ ግን ከደብተሩ ቆርጬ ካርታው ጎን በፕላስተር ለጠፍኳት። ሰኞ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የ9ኛ ሐ ነው።