«ጥቅምት ላይ እኮ እዚህ የለሁም»

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ መድኃኒት ቤት በቴክኒሻንነት እሠራ ነበር። የኢንፍሉዌንዛ ክትባት የሚገባልን ገና በኦገስት ነው። ውጪው በሙቀት ይነዳል፣ ደንበኛው በቁምጣና በነጠላ ጫማ ይመጣል፤ እኛ በሩ ላይ «የፍሉ ሾት ገብቷል» የሚል ወረቀት እንለጥፋለን። ለምን እንደምንቸኩል አዲስ ሠራተኛ ሁሉ ይጠይቃል። ነገሩ ንግድ ነው። ማናጀሩ በየሳምንቱ ስንት ሰው እንደተከተበ ለበላዮቹ ሪፖርት ያደርጋል፤ ዛሬ እኛ ጋ ያልተወጋ ሰው ደግሞ ነገ ማዶ ያለው ሱፐርማርኬት ገብቶ ሊወጋ ይችላል።

በ2022 ኦገስት አንድ ወጣት ፋርማሲስት ተመደበልን። ጠንቃቃ ነው፤ መመሪያ ሲወጣ ሌላው ርዕሱን አይቶ ሲያልፍ እሱ ቁጭ ብሎ ያነባል። በመጣ በሳምንቱ ከማናጀሩ ጋር ተጋጨ። «ዕድሜያቸው ከ65 በላይ የሆኑትን በዚህ ወር አልወጋም» አለ። እውነቱን ነበር። ክትባቱ ሥራ ለመጀመር ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ አቅሙ በየወሩ እየሳሳ ይሄዳል፣ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ ደግሞ ይብሳል። አሜሪካ ውስጥ ኢንፍሉዌንዛ የሚበረታው አብዛኛውን ጊዜ ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ነው፤ ጣሪያ የሚነካውም ብዙ ጊዜ በፌብሩዋሪ ነው። በኦገስት መጀመሪያ የተወጋ ሽማግሌ ዋናው ወረርሽኝ ሲመጣ ስድስት ወር ያለፈው መከላከያ ይዞ ይጠብቀዋል ማለት ነው። ስለዚህ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ ለአብዛኛው ሰው የሚመክረው ሴፕቴምበርን ወይም ኦክቶበርን ነው። በእኛ አቆጣጠር ከነሐሴ 26 እስከ ጥቅምት 21 ገደማ ብንል ያስኬዳል። ልጁ ማናጀሩን ፊት ለፊት መናገሩ ደስ ብሎኝ ነበር፤ እኛ ለዓመታት እያጉረመረምን የተውነው ነገር ነው።

ከዚያ አንድ ቀን የሀገራችን ሰው የሆኑ እናት ከልጃቸው ጋር መጡ። የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ሊወስዱ ነው። ኢንሹራንሱ ከቀኑ ቀድሞ እንዲሞላላቸው፣ ቁጥሩም ከወትሮው በርከት እንዲል ልጃቸው ቀደም ብላ ደውላ ጠይቃ ነበር፤ ተፈቅዶ ተዘጋጅቷል። ስፈርምላቸው ማስታወቂያውን አዩና «ልጄ፣ ይቺን መርፌ ዛሬ ትሰጡኛላችሁ?» አሉኝ።

ፋርማሲስቱን ጠራሁት። የልደት ቀናቸውን ከኮምፒውተሩ ላይ አየ፤ 74 ዓመታቸው ነው። ፈገግ ብሎ፣ በትህትና፣ ለእርሳቸው የሚሻለው ኦክቶበር ላይ ተመልሰው ቢመጡ እንደሆነ እንድነግራቸው ጠየቀኝ። ነገርኳቸው።

«እሺ፣ እናንተ ታውቃላችሁ» ብለው የመድኃኒቱን ከረጢት ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። ዞር ካሉ በኋላ «ብቻ ጥቅምት ላይ እኮ እዚህ የለሁም» አሉ። «መስቀልን አገሬ ነው የምውለው። ከእህቴ ጋር ጃንሜዳ ጥምቀትን ሳላከብርማ አልመለስም።»

ፋርማሲስቱን መልሼ ጠራሁት። መጀመሪያ «መመሪያው ግን…» ብሎ ጀመረ። ከዚያ ገጹን ከፈተና አብረን አነበብነው። በጁላይና በኦገስት አዋቂዎችን፣ በተለይ ከ65 በላይ የሆኑትን፣ አትከትቡ የሚለው ዓረፍተ ነገር ጅራት አለው፦ በኋላ ላይ መከተብ ላይችሉ ይችላሉ የሚል ስጋት ከሌለ በቀር። ራሱን ይዟል፣ ጅራቱን ረስቶታል። ከሁሉ የገረመኝ ደግሞ መንገደኛ መሆናቸውን መድኃኒት ቤቱ ያውቅ ነበር። ከቀኑ ቀድሞ የተሞላው መድኃኒት እኮ እዚያው ካውንተር ላይ፣ በእጃችን አልፎ ነው የሄደው። የመድኃኒቱን ጉዳይ ያየ ዓይን የክትባቱን ጉዳይ ሲያይ አላገናኘውም።

ተቀምጠን ስናሰላው የሚያከራክር አልነበረም። ሲመለሱ ጃንዋሪ ያልቃል፤ እዚህ በሽታው በሚበረታበት ሰዓት ያለ ምንም መከላከያ ይገባሉ። አገር ቤት ደግሞ ክትባቱ እንዲህ በየመድኃኒት ቤቱ ደጃፍ የሚጠራበት ነገር አይደለም። ወደ ምድር ወገብ በቀረቡ አገሮች ኢንፍሉዌንዛ ወቅት ሳይመርጥ ዓመቱን ሙሉ ሊዘዋወር ይችላል። ከደለስ ቦሌ ድረስ ያለውን በረራና የጥምቀትን ግፊያ ጨምሩበት።

እናትየው ግን ዝም ብለው የሚወጉ ሰው አልነበሩም። «አሁን ብወጋ እስከ ጥምቀት ይቆየኛል?» ብለው ጠየቁ። ፋርማሲስቱ መልሱን አላሳመረላቸውም፤ እየሳሳ ይሄዳል፣ አንድ ቀን ተነሥቶ ግን አይጠፋም፣ ስመለስ ልድገመው ቢሉም ለአዋቂ በአንድ ወቅት አንድ ነው የሚሰጠው አላቸው። እዚህ ላይ ሌላ እንቅፋት መጣ። በዚያው ዓመት በጁን የሲዲሲ አማካሪ ኮሚቴ ከ65 በላይ ለሆኑ ሰዎች ጠንከር ያሉት ዓይነቶች፣ ለምሳሌ መጠኑ ከፍ ያለው፣ እንዲቀድሙ ወስኖ ነበር። እኛ ፍሪጅ ውስጥ ያለው ተራው ብቻ ነው፤ ሌላው ገና አልደረሰልንም። ልጃቸው ከሥራ አስፈቅዳ ነው ያመጣቻቸው፣ በረራው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ያ ውሳኔም ቢሆን የተመረጠው ከሌለ ያለው ይሰጥ ይላል። ይህን ሳስረዳቸው እጅጌያቸውን ቀድመው ሰብስበዋል።

«ያለውን ውጉኝ። የሌለውን ስጠብቅ አይሮፕላኑ ጥሎኝ ይሄዳል።»

በማግስቱ ፋርማሲስቱ ካሸሩ አጠገብ በእጁ የጻፈው ወረቀት ለጠፈ፦ «ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ላይ እዚህ ነዎት?» ከዚያ በኋላ የልደት ቀን ከማየታችን በፊት ይህን መጠየቅ ጀመርን። የሚመጣው መልስ የትየለሌ ነው። የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ላይ ያለች ነፍሰ ጡር በኦገስት ብትመጣ አንመልሳትም፤ ሕፃን ስድስት ወር ሳይሞላው ስለማይከተብ የሚጠብቀው ከእናቱ የሚያገኘው መከላከያ ነው። ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት ያለችውን ግን ቆይተሽ ነይ እንላታለን። ዕድሜው ከስድስት ወር እስከ ስምንት ዓመት የሆነ፣ ተከትቦ የማያውቅ ልጅ ቢያንስ በአራት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ መወጋት ስላለበት ክትባቱ እንደገባ ቢጀምር ይመረጣል። ጤነኛ ጎልማሳን በተመለከተ እኔና ፋርማሲስቱ አንስማማም። እሱ «ይቆይ» ይላል። እኔ ደግሞ «ኦክቶበር ላይ እመጣለሁ» ብሎ የወጣ ጎልማሳ ምን ያህል እንደሚመጣ ከካውንተሩ ጀርባ ቆሜ አይቻለሁ፤ የማይመለስ ከመሰለኝ ዛሬውኑ እንዲወጋ ነው የምገፋፋው። ማናጀሩ ቁጥሩ ስላልወረደ ጠቡን ረሳው።

በዚያው ዓመት ገና ካለፈ በኋላ አንድ የታክሲ ሾፌር ወገናችን ለሳል መድኃኒት ገባ። ሳሉ የእሱ ሳይሆን የባለቤቱ ነው። ተከትበህ ነበር ወይ ስለው ሳቀ። «ኦክቶበር ላይ ሥራ በዛብኝ፣ ኖቬምበር ላይ ረሳሁት፣ አሁንማ አልፎብኛል። ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት እየጠጣሁ ነው።»

«አላለፈብህም» አልኩት። «ፌብሩዋሪ ገና ነው፤ በሽታው እስካለ ድረስ ይሰጣል። እቤት ደግሞ ታማሚ አለ።»

ትንሽ አመነታና ጃኬቱን አወለቀ። ከተወጋ በኋላ ራስ እንዳያዞረው አሥራ አምስት ደቂቃ ወንበሩ ላይ እንዲቀመጥ ስንነግረው ብድግ አለ። «ኧረ ተይኝ እህቴ፣ ታክሲዬን የፓርኪንግ ሚተር ሳልከፍል ነው ያቆምኩት!» ሳንቲም ሰጥተን የሥራ ባልደረባዬን ላክናት።