ቮልቱ ደኅና ነበር

በታኅሣሥ ወር 2011 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ መንዝ ውስጥ፣ ከመሐል ሜዳ ግማሽ ቀን በእግር በሚያስኬድ መንደር፣ የአንዲት እናት ቤት ሶላር ማታ 2 ሰዓት ሳይሞላ ይጠፋል ተብዬ ለጥገና ተጠራሁ። ዕቃው ባለ 50 ዋት ፓኔል፣ ባለ 12 ቮልት ባትሪ፣ ሦስት አምፖልና ጎረቤት ሁሉ ስልኩን የሚሞላበት ገመድ ነበር። ቸኩዬ ስለነበር ከፓኔሉ የሚወርደውን ሽቦ የባትሪውን አሞላል ከሚቆጣጠረው ዕቃ፣ ከመቆጣጠሪያው፣ ነቅዬ በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ለካሁት፤ 20 ቮልት አሳየ። ባትሪው ግን 11 ቮልት ተኩል እንኳ አልሞላም። «እማማ፣ ፓኔሉ ደኅና ነው፤ የሞተው ባትሪው ነው» አልኋቸው። በሚቀጥለው ገበያ ሙክት ሸጠው አዲስ ባትሪ ገዙ።

በሦስተኛው ሳምንት አዲሱም እንደ አሮጌው ሆነ። ደውለው «ልጄ፣ እስቲ ደግመህ እየው» ብቻ አሉኝ፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ዳግመኛ ስሄድ፣ አስቀድሞ ማድረግ የነበረብኝን አደረግሁ፤ መሰላል አስጠግቼ ጣሪያው ላይ ወጣሁ። ፓኔሉ የማጀቱ ጭስ በሚወጣበት በኩል በጥቂቱ ብቻ አዘንብሎ ተጋድሞ ተገጥሟል፤ ከቤቱ አጠገብም አውድማ አለ። በመንዝ ደጋ ሌሊት ጤዛውና ውርጩ መስተዋቱን ያረጥበዋል፤ ከውቂያ የሚበነው የገብስ እብቅና የማጀቱ ጥቀርሻ እርጥቡ ላይ ይለጠፋል፤ ረፋድ ላይ ፀሐይ ያደርቀዋል፤ ክረምቱ ካለፈ በኋላ የሚያጥበው ዝናብ ስለሌለም ይህ በየቀኑ ይደራረባል። ከሁሉ የከፋው የታችኛው ጠርዝ ነበር፤ የተንሸራተተው ሁሉ ፍሬሙ ሥር ተጠራቅሞ የመጨረሻውን የሕዋስ ረድፍ፣ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ከሚለውጡት ትናንሽ ክፍሎች አንዱን ተርታ፣ ጨርሶ ሸፍኖታል።

ስሕተቴ የገባኝ እዚያው ጣሪያ ላይ ነው። የፓኔሉ 36 ሕዋሶች በተርታ የተያያዙ በመሆናቸው ነገሩ እንደ መስኖ ቦይ ነው፤ ቦዩ አንድ ቦታ ላይ ከተደፈነ ከላይ የቱንም ያህል ውኃ ቢኖር ወደ ማሳው የሚደርሰው በዚያች ቀዳዳ የሚያልፈው ብቻ ነው። ሽቦው ከምንም ነገር ጋር ሳይያያዝ የሚለካው ቮልት ደግሞ ብርሃን ሲቀንስ ብዙም አይወርድም፤ የሚወርደው አምፒሩ፣ ማለትም የሚፈስሰው የኤሌክትሪክ መጠን ነው፤ ባትሪ የሚሞላውም በእርሱ ነው። የቴስተሩን ቀይ ሽቦ ወደ 10 አምፒሩ ቀዳዳ አዛውሬ በ6 ሰዓት ፀሐይ ስለካው፣ ወደ 3 አምፒር መቅረብ የነበረበት 0.6 ሆኖ አገኘሁት።

እማማ ድስት የሚፈትጉበትን አመድ ሊያመጡልኝ ተነሡ፤ አመድ መስተዋቱን ስለሚቧጭረው እንዲተዉት ለመንኋቸው። በፀሐይ የጋለ መስተዋት ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ቢፈስበት ሊሰነጠቅ ስለሚችልም ያን ዕለት አላጠብሁትም፤ እዚያው አደርሁ። በማግሥቱ ውርጩ እንደለቀቀ፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ በንጹሕ ውኃና በለስላሳ ጨርቅ ያለ ሳሙና አጠብሁት፤ የደረቀውን እብቅ ሳልፍቅ በውኃ እስኪርስ ጠበቅሁት። በ6 ሰዓት ስለካ 2.7 አምፒር ሰጠ። ከዚያም ፓኔሉን ከጭሱ አርቄ፣ ዝናብ እንዲያጥበውና አቧራ እንዳይረጋበት ወደ ደቡብ በ15 ዲግሪ ያህል አዘንብዬ አሰርሁት። የውቂያው ጊዜ እስኪያልፍ በየሳምንቱ ማለዳ እንድታጥበው ለልጃቸው አሳየኋት፤ ታችኛውን ጠርዝ በጣቷ እየዳሰሰች እንድታጣራም ነገርኋት።

አሮጌው ባትሪ ጥግ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ባዶውን በከረመባቸው ሳምንታት በውስጡ ባሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች ላይ ሰልፌት የሚባለው ጨው ጠጥሯል፤ የተጣራ የባትሪ ውኃ ጨምሬ፣ ሱቄ ወስጄ አንድ ሳምንት በዝግታ ብሞላውም ከአንድ አምፖል በላይ መሸከም አልቻለም። በመጀመሪያው ቀን ፓኔሉን አጥቤ ቢሆን ኖሮ በጊዜ ተሞልቶ ይተርፍ ነበር ብዬ አምናለሁ። በዚያ ቀን የተቀበልሁትን የአገልግሎት ዋጋ መለስሁላቸው፤ የሙክቱን ግን አልቻልሁም።