መካነ ሰላም፣ 10,324,193 ኪሎ

መሽቷል። የደሴ ብርድ ነው፣ ጭጋጉ ከጦሳ ወርዶ መስኮቱን ሸፍኖታል። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ከአንዲት «ም» ጋር ስታገል ነው የዋልኩት።

ለእህል መጋዘን ሚዛን የሚሆን ትንሽ ፕሮግራም ሲ (C) በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ እየጻፍኩ ነው። ክብደቱንና እህሉ የመጣበትን ከተማ ይመዘግባል። ለከተማው ስም 16 ባይት (የኮምፒውተር ማስታወሻ ትንሽ ክፍል) ሰጠሁ። ክብደቱ ከጎኑ ይቀመጣል። ሐይቅ ብዬ ሞከርኩ፣ ሠራ። ወልዲያ፣ ኮምቦልቻ፣ ሁሉም ሠሩ። መካነ ሰላም ስል 85 ኪሎ የነበረው ጤፍ 10,324,193 ኪሎ ሆኖ ቁጭ አለ።

ዩቲኤፍ-8 በሚባለው ፊደልን ወደ ባይት የመቀየሪያ ስርዓት የእኛ ፊደል እያንዳንዱ 3 ባይት ይወስዳል። ኮምቦልቻ 15 ባይት ነው። ሲ የጽሑፉን ማለቂያ የሚያውቅባት ዜሮ ስትጨመር ልክ 16። ለካ ገደል አፋፍ ላይ ነበርኩ! መካነ ሰላም ክፍት ቦታውንና ዜሮዋን ጨምሮ 20 ነው። ስሙን የገለበጥኩበት የሲ ፈንክሽን፣ ስትርኮፒ፣ ደግሞ የመድረሻውን ስፋት አይጠይቅም፤ ዜሮ እስኪያገኝ ይገለብጣል። የመጨረሻዋ «ም» ሦስት ባይቷን ይዛ ክብደቱ ቤት ገባች። ያ ሁሉ ኪሎ እሷ ናት። እንዲህ ያለውን የማስታወሻ ስህተት የሚያድነውን መሣሪያ፣ አድሬስ ሳኒታይዘርን፣ አስነሥቼ ነበር፣ ምንም አላለም። ጥፋቱ ስሙንና ክብደቱን አንድ ላይ ከያዘው ጥቅል (ስትራክት) ስላልወጣ አይታየውም።

ስንት ባይት እንደሚገለብጥ የሚነገረው ስትርንኮፒ ይሻላል ብዬ ቀየርኩት። እሱ 16 ባይት ሲሞላ ዜሮዋን አያስቀምጥም። ስሙን ሳሳትም ንባቡ ወደ ክብደቱ ዘለቀና «መካነ ሰላ» ካለ በኋላ የላቲኑን ዩ ጨመረልኝ። 85 በአስኪ፣ ለላቲን ፊደላት ቁጥር በሚሰጠው ሰንጠረዥ፣ ዩ (U) ነው። ሌላው ፈንክሽን፣ ኤስኤንፕሪንትኤፍ፣ ዜሮዋን በትክክል ያስቀምጣል፣ ግን 15 ባይት ላይ ሲቆርጥ «ላ»ን መሐል ለመሐል ሰነጠቃት። በእሷ ቦታ ስክሪኑ ላይ የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር ዳይመንድ ብቻ ቀረ።

እዚህ ላይ በጣም ከፋኝ። ሲ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሲሠራ አንድ ፊደል አንድ ባይት ነበር። እሱም የቦታውን ስፋት ሳይጠይቅ ጽሑፍ የሚቀበለው «ጌትስ» የሚባለው አደገኛ ፈንክሽን ከስታንዳርዱ የወጣው በ2011 ነው፤ ስትርኮፒ ዛሬም አለ። በእንግሊዝኛ ብቻ የሚሞክር ሰው 16 ባይት ውስጥ 15 ፊደል ስለሚገባለት ችግሩን ላያየው ይችላል። እኛ ግን አምስት ፊደል ጽፈን ጠርዝ ላይ ነን።

ሩስት በሚባለው ሌላ የፕሮግራም ቋንቋም ሞከርኩት። ጽሑፉ ርዝመቱን ይዞ ነው የሚሄደው። 15ኛው ባይት ላይ ቁረጥ ስለው «ላ» መሐል መሆኑን ነግሮኝ ፕሮግራሙን አቆመው። ደስ አለኝ፤ ዝም ብሎ ከሚያበላሽብኝ ቢቆም እመርጣለሁ።

የሚዛኑ ፕሮግራም ግን በሲ መቆየት አለበት። ስለዚህ ቦታውን 64 ባይት አደረግሁት። ከመገልበጡ በፊት ርዝመቱን ይለካል፤ ካልገባ «ስሙ ረዝሟል» ብሎ ይመልሳል እንጂ አይቆርጥም። የሰው አገር ስም እንዴት ይቆረጣል?

አሁን እንደገና ጻፍኩት። መካነ ሰላም፣ 85 ኪሎ።