ከአክስቴ ቆጥ የወረደው ብረት

ሰላም ወዳጆች። ከጻፍኩላችሁ ስምንት ወር አለፈኝ። ዛሬ የምጽፈው ደስ ስላለኝ ነው። ሰው ሁሉ የየራሱን ግምት የሰጠበትን አንድ ዕቃ ምን እንደሆነ ለይቼዋለሁ።

ለአዲሶች ባጭሩ፦ የድሮ ዕቃ መለየት የጀመርኩት በከሰል ካውያ ነው። ቀጥሎ ፋኖስ መጣ፤ እሱ ይቀላል፣ ስሙ ብዙ ጊዜ ላዩ ላይ ታትሞ ይገኛል። ከዚያ ጓጉንቸር ላይ ገባሁና እዚያው ቀረሁ።

ባለፈው ሚያዝያ ጣና ዳር ጊዮርጊስ አካባቢ ያለው የአክስቴ የጭቃ ቤት ሊፈርስ ሆነ። ቆጡን እኔ ነበርኩ የማወርደው። ጥግ ላይ በጆንያ የተጠቀለለ ብረት አገኘሁ። አንድ ቱቦ ነው፤ ውስጡ ሌላ ዘንግ ገብቶበታል። በሁለቱም ጫፍ መንጠቆ አለው። ወገቡ ላይ ወፈር ብሎ የቁልፍ ማስገቢያ አለው። የጣና ዳር እርጥበት ሠርቶበት ዝገቱ የተቆላ ቡና መስሏል።

ቤቱን የሚያፈርሱት ልጆች "የጀልባ መልሕቅ ነው" አሉ። እዚህ ሐይቅ ዳር መንጠቆ ያለው ነገር ሁሉ መልሕቅ ነው። አክስቴ ደግሞ "የበሬ መጎተቻ ይሆናል ልጄ፣ እኔ ምኑን አውቄው" አሉኝ።

እኔ ግን መንጠቆው ውስጥ ጥፍሬን ሳስገባ አንድ ነገር ተልጦ ወጣ። ፕላስቲክ ነበር። መንጠቆው በፊት ፕላስቲክ ለብሶ ነበር ማለት ነው። መልሕቅ ፕላስቲክ አይለብስም። ለበሬም ማንም እንዲህ አይጨነቅም። ይህን ዕቃ የሠራ ሰው የሚያዘው ነገር እንዳይጫር ፈልጓል። ይህን ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ርዝመቱንም ለካሁ፤ ከመንጠቆ እስከ መንጠቆ 61 ሴንቲ።

ከዚያ ትልቁን ጥፋት አጠፋሁ። ቸኮልኩና ወገቡን በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩት። ዝገቱ ሲለቅ ፊደል መኖሩን አየሁ፤ ያየሁት ግን ግማሹ ከጠፋ በኋላ ነው። እስካሁን ይቆጨኛል። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ አልከራከርም፦ ጽሑፍ ሊኖርበት የሚችል ብረት ላይ ብርጭቆ ወረቀት፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ግራይንደር አይነካም። "ትንሽ ብቻ" የሚባል ነገር የለም። ነጭ ጋዝ ውስጥ ዘፍዝፉት፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አሹት፣ መልሳችሁ ዘፍዝፉት። ሎሚም አልወድም፤ ዝገቱን ያነሳል ግን ፊደሉን አብሮ ይበላዋል።

የተረፈውን ለማንበብ ሦስት ምሽት ፈጀብኝ። መብራት አጥፍቼ ባትሪውን ከጎን አበራሁ። ከላይ ካበራችሁ ምንም አይታይም፤ ከጎን ሲሆን ፊደሉ ጥላ ይጥላል። ከዚያ ነጭ ጠመኔ ቀባሁና በጣቴ ጠረግኩት። ጎድጓዳው ውስጥ ጠመኔው ቀረ። መጀመሪያ ሁለት ክብ ታየኝ። ዜሮ ዜሮ ብዬ ቁጥር መሰለኝና ሁለት ምሽት በከንቱ ቁጥር ስፈልግ አደርኩ። በሦስተኛው ከክቦቹ ራቅ ብሎ ኤል፣ ኦ፣ ኬ ወጣ።

በእንግሊዝኛ ሎክ (መቆለፊያ) ለማለት ከኬ በፊት ሲ የሚባለው ፊደል ያስፈልጋል። እሱንም እኔው ፈትጌ አጥፍቼዋለሁ ብዬ አዘንኩ። በማስመሪያ ስለካው ግን በኦ እና በኬ መሃል ሲ የሚገባበት ቦታ የለም። ስሙ ራሱ ያለ ሲ ነው የተጻፈው! ክቦቹም ዜሮ ሳይሆኑ ኦ ናቸው። ስፈልግ ወዲያው ወጣ፦ ክሩክሎክ (Krooklok)። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ እንግሊዞች መኪናቸው እንዳይሰረቅ የሚያስሩበት ዘንግ ነው። ክሩክ በእንግሊዝኛ ቆልማማ ዘንግም ነው፣ ሌባም ነው።

አንዱ መንጠቆ የመሪውን ክብ ይይዛል፣ ሌላው የፍሬኑን ወይም የፍሪሲዮኑን ፔዳል። ያን ጊዜ የብዙ መኪና ቁልፍ የሚቆርጠው የሞተሩን ኤሌክትሪክ ብቻ ነበር፤ ሽቦ አገናኝቶ ማስነሳት ይቻላል። መሪውን የሚቆልፈው ቁልፍ በብዙ አገር ግዴታ የሆነው በኋላ ነው። አሜሪካኖቹ ራሳቸው መሪውን ወይም የመኪናውን መንቀሳቀስ የሚቆልፍ ቁልፍ ያስገደዱት እ.ኤ.አ. በ1970 ነው።

አሠራሩን ደግሞ በእጄ አገኘሁት። ነጭ ጋዝ ውስጥ ሦስት ቀን ካደረ በኋላ ዘንጉን ወደ ውስጥ ገፋሁት። ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ገባ። ወደ ውጭ ስስበው ፍንክች አይልም። ያጥራል እንጂ አይረዝምም። ፔዳል ሲረገጥ ከመሪው ይርቃል፤ ዘንጉ ደግሞ እንዲርቅ አይፈቅድም። ለመቆለፍ መግፋት ይበቃል፣ ለመክፈት ብቻ ነው ቁልፍ የሚያስፈልገው።

ቁልፉ ግን የለኝም። አሁን 48 ሴንቲ ላይ ተቆልፎ ቀርቷል። ጎረቤቴ ሚኒባስ ላይ ልሞክረው ብወስደው ከመሪው ፔዳሉ ጋ አይደርስም። በሜትር ስንለካው መሃሉ 60 ሴንቲ ገደማ ነው፤ ከጆንያው ሲወጣ ከነበረው 61 ጋር ሊገጥም ምንም አልቀረውም። የሚገፋ ነገር ካገኛችሁ ቁልፉ እጃችሁ ሳይገባ አትግፉ።

ዕድሜውን የነገሩኝ አክስቴ ናቸው። "ባለቤቴ ላንድሮቨሩን ያመጣው መንገዱ ወደ ቀኝ ከዞረ በኋላ ነው" አሉ። መኪና መንዳት ከመንገዱ ግራ ወደ ቀኝ የዞርነው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1964) ነው፤ ከዕቃው ዘመን ጋር ይገጥማል። ከዚያ ብረቱን ተቀብለው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። "ማታ ማታ ይህን ሳያስር አይተኛም ነበር ለካ" ብለው ዝም አሉ። በሬውን ረሱት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብረቱ እሳቸው ዘንድ ነው፤ እኔም አልጠይቃቸውም።

አክስቴ በቆርቆሮ ሙሉ አሮጌ ቁልፍ ሰጥተውኛል። 31 ሞክሬያለሁ፣ ገና ግማሽ ይቀራል። የምሞክረው በዘይት ነክሬ፣ ሳላስገድድ ነው፤ ውስጡ ከተሰበረ አለቀ። ከእናንተ መሃል ክሩክሎክ ከነቁልፉ ያለው ሰው ካለ የቁልፉን ፎቶ ከማስመሪያ ጋር አስቀምጦ ይላክልኝ። ጥርሱን ማየት ብቻ ይበቃኛል።